የሕፃን ምግብ በማቅጠን አይቆጠብም

በውጭ አገር በትምህርት ላይ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ስለ ቁጠባ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የመጽሐፍን፣ የቤት ኪራይንና የአውሮፕላን ቲኬትን ዋጋ ነው። ይህ ለነጠላው ተማሪ በቂ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን ግን ትዳር ይዘው በተማሪ አበል ወይም በአንድ ሰው ደመወዝ ሕፃን የሚያሳድጉ አሉ፤ ለእነርሱ የወሩ ዋና ጥያቄ የልጅ ምግብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ምሳሌዎቹ ጸሐፊው ሕክምና ከሚማርበት ከዶሃና ከአካባቢዋ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በሌላ ከተማ የሚገኝ አንባቢ የገበያዎቹን ስም እየለወጠ ሊሠራባቸው ይችላል። (ጸሐፊው ገና ልጅ እንደሌለው ከወዲሁ ይታወቅ። የሚያቀርበው ከመማሪያ ክፍል ያገኘውን ነው እንጂ የወላጅነት ልምድ የለውም።)

እንደሚታወቀው በአገራችን ቤት ውስጥ የቁጠባ የመጀመሪያው ዘዴ ማቅጠን ነው። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ ይጨመራል፤ ቡናውም ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ እየቀጠነ ይወርዳል። አዋቂው በዚህ አይጎዳም፤ ከወጡ የጎደለበትን በእንጀራው ይሞላል። ሕፃን ግን የጎደለውን የሚሞላበት ሌላ ነገር የለውም። ሆዱ ትንሽ፣ ዕድገቱ ፈጣን፣ ምግቡም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚደረገው ቁጠባ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ በመለወጥ ሊገኝ ይችላል፤ በማቅጠን ግን ከቶ አይገኝም።

የጣሳው ሒሳብ

ከጣሳ ወተት እንነሣ። 6 ኪሎ የሚመዝን የሦስት ወይም የአራት ወር ሕፃን በጡጦ ብቻ የሚያድግ ከሆነ በቀን 900 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይጠጣል፤ ይህም በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር በሚለው የተለመደ ስሌት ነው። ለዚህ ከ115 እስከ 120 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። እንግዲህ የ900 ግራም ጣሳ ከአንድ ሳምንት እምብዛም አያልፍም፤ በወር አራት ጣሳ ማለት ነው። ዋጋው ከመደብር መደብር ስለሚለያይ እዚህ አልጻፍነውም። አንባቢው ራሱ በአራት ያባዛውና እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ በካታር በሥራ ላይ ከዋለው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ጋር ያስተያየው። በዚያ ሕግ መሠረት አሠሪው ምግብ የማያቀርብ ከሆነ ለአንድ ሠራተኛ የወር ምግብ የሚከፍለው ቢያንስ 300 ሪያል ነው።

ጣሳው ሲወደድ ፈተናው ይመጣል። አራት መስፈሪያ በሚገባበት ሦስት ቢደረግ ጣሳው ሁለት ቀን ይገፋል፤ ሕፃኑም ጡጦውን ጨርሶ ይተኛል፤ ከውጭ ሲታይ የጎደለ ነገር የለም። ከውስጥ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ሆዱ በውሃ ስለሚሞላ የሚያስፈልገውን ኃይልና ፕሮቲን ሳያገኝ ይቀራል፤ ክብደቱ ይቆማል። ሁለተኛውና ፈጥኖ የሚመጣው፣ የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ውሃን እንደ አዋቂ ማስወገድ ስለማይችል በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ሕፃኑ ይፈዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። በተቃራኒው «ይጠንክርለት» ብሎ ዱቄት መጨመርም ሶዲየሙን ከልክ በላይ ያደርገዋልና ያው አደጋ ነው። መስፈሪያው እንደ ጣሳው ዓይነት ስለሚለያይ የአንዱን ማንኪያ ለሌላው መጠቀም አይገባም።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ቤት ጓዳ ያለፈ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጽሑፍ የወተት ኩባንያዎች በድሃ አገሮች የሚያካሂዱትን ሽያጭ አጋለጠ፤ በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ዕቃዎች ላይ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ፤ በሜይ 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ምትክ ሽያጭን የሚገታውን ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመችው አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ እርሷም አሜሪካ ናት። የክርክሩ ፍሬ ነገር ወተቱ መርዝ ነው የሚል አልነበረም። ድሃ እናት ጣሳው እንዲበረክትላት ታቀጥነዋለች፣ የምታቀጥንበትም ውሃ ንጹሕ አይደለም፣ በዚህ መካከል የራሷ ወተት ይደርቃል የሚል ነበር።

በዶሃ ከቧንቧ የሚወርደው ከባሕር የተጣራ ውሃ ስለሆነ ችግሩ ያን ያህል አይደለም። ሆኖም ውሃው ወደ ቤት የሚደርሰው በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር በኩል ነው፤ ታንከሩ መቼ እንደታጠበ ደግሞ የሚያውቅ ተከራይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጡጦ የሚሆነው ውሃ ይፈላ፤ ከፈላም በኋላ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጥበጥበትና ከዚያ ይቀዝቅዝ። ዱቄቱ ራሱ ጀርም የጸዳ ስላልሆነ ትኩሱ ውሃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሕፃኑ ያስተረፈው ይደፋ። ያ ብክነት አይደለም።

የማይገዛው ወተት

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሰጥ የሚለው ለሀብታምም ለድሃም ነው። ወጪው ለእናቲቱ የሚጨመረው ምግብ ብቻ ሲሆን፣ ያም በቀን 500 ካሎሪ ገደማ፣ አንድ እንጀራ ከምስር ወጥ ጋር ያህል ነው። እዚህ ላይ አባቶች ልብ በሉ፤ ቁጠባው ከእናቲቱ ሳህን የሚነሣ ከሆነ ሒሳቡ ፈርሷል።

«ወተቴ አነሰ» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ወደ ጣሳ ይወስዳል። ሕፃኑ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ዳይፐሩን በደንብ የሚያረጥብ ከሆነና ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ ወተቱ አላነሰም። ጡት በተጠባ ቁጥር ያመነጫል፤ ጡጦ በመካከል ሲገባ ግን ምርቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ በእርግጥም ያንሳል።

ለሚሠሩ እናቶች፣ የካታር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ (ቁጥር 14፣ እ.ኤ.አ. 2004) 50 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ከዚያም ለአንድ ዓመት በቀን አንድ ሰዓት የማጥቢያ ጊዜ ይሰጣል። ከእህቶቻችን ብዙዎቹ የሚገኙበት የቤት ሠራተኝነት ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አይገባም። ሰዓቱን ያላገኘች በእጇ አልባ ልታቆይ ትችላለች፤ ማለቢያ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። የታለበው በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የዶሃ በጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚበልጥ መኪና ውስጥ የተረሳ ወተት ለምንም አይሆንም።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ አያቶች በስልክ «ያ ልጅ በበረሃ ውሃ አይጠማውም ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። የጡት ወተት ከመቶ 88 እጁ ውሃ ስለሆነ ደጋግሞ ማጥባት ይበቃዋል፤ ከስድስት ወር በፊት ውሃም ሆነ የአብሽ ውሃ አያስፈልግም። ቅቤ ማስዋጡም ይቅር፤ ማርም ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ። ቅቤ ቀብቶ የጠዋት ፀሐይ የማሞቁ ልማድ ግን ጥሩ ምክንያት ነበረው፤ ቆዳ በፀሐይ ቪታሚን ዲ ይሠራልና። በዶሃ ፀሐዩ ሞልቶ ሳለ ሰዉ ከሙቀት ሸሽቶ በቤት ስለሚውል የቪታሚን ዲ እጥረት እጅግ የተስፋፋ ነው። ስለዚህ ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት የሆነው ጠብታ መሰጠት አለበት። በዚህ ጠብታ ላይ መቆጠብ በኋላ በአጥንት መልፈስፈስ ያስከፍላል።

ከስድስት ወር በኋላ፤ ፋፋን በኩሽና

እዚህም ጠላታችን ያው ማቅጠን ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከምግብ በቀን 200 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቀጭን አጥሚት በ100 ሚሊ ሊትር 30 ካሎሪ ያህል ብቻ ስለሚይዝ 200 ካሎሪ ለማግኘት ወደ 670 ሚሊ ሊትር መጠጣት ይኖርበታል፤ ወፈር ያለ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 80 ካሎሪ የሚይዝ ገንፎ ከሆነ ግን 250 ይበቃዋል። ስለዚህ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ይሁን።

ምን እንቀላቅል ለሚለው ጥያቄ አገራችን ከብዙ ጊዜ በፊት መልስ ሰጥታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል (በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው) ፋፋን ያወጣው ስንዴን ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት ጋር በማዋሐድ ነበር። ምሥጢሩ ቀላል ነው። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ምጥን ሲያዘጋጁ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። መጠኑ ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው።

በዶሃ ጤፍ ውድ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ነገር አለ። በናጅማና በመንሱራ ባሉ የሕንድ ግሮሰሪዎች «ራጊ» እየተባለ የሚሸጠው እህል የጎጃሙ ዳጉሳ ነው። የኬረላ እናቶች ለሕፃናት የመጀመሪያ ገንፎ የሚያደርጉት እርሱን ነው። በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ስላለው በዚህ ረገድ ከስንዴም ከሩዝም እጅግ ይልቃል። በዚያው መደርደሪያ ላይ ቀዩ ምስር «መሱር»፣ የሽምብራ ዱቄት «ቤሳን» ተብለው ይገኛሉ። ሁለት ኩባያ ዳጉሳ፣ አንድ ኩባያ የተለቀመና የታመሰ ምስር አድርጎ ማስፈጨት ነው፤ በደንብ ይብሰል፤ ሲወርድ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበት። በእርጥበቱ ምክንያት ዱቄት ፈጥኖ ስለሚሻግት በትንሽ በትንሹ ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ይግባ።

ገንፎው ሲወፍር ሕፃኑ መዋጥ ቢያስቸግረው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ብቅል ይረዳል። ጠላ የጠመቀ ሰው እንደሚያውቀው የበቀለ ገብስ ስታርችን ይሰብራል። የተዘጋጀው ገንፎ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጣል አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማማሰል ነው፤ ዱቄቱ ሳይቀነስ ገንፎው ይላላል። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ይንተክተክ፤ ብቅሉ ከነጀርሙ ጥሬውን መቅረት የለበትም።

እህልና ጥራጥሬ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በተለይ ብረት። የጤፍ ብረት ብዙ ነው የሚባለው ከፊሉ ከአውድማው አፈር የሚመጣ ሲሆን ሰውነትም በቀላሉ አይወስደውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በየቀኑ እንዲሰጥ ይመክራል። ርካሹ እንቁላል ነው። ከዓሣም ሁሉም የሚሻማበትን ሐሙር ትቶ ሻዕሪ የሚባለውን መግዛት ነው፤ አጥንቱ ይለቀም እንጂ ለሕፃን የሚጎድለው ነገር የለም። በጾም ወራት ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አታስገድድም፤ ችግሩ ድስቱ እንዳይነካ ስንል ልጁም አብሮ መጾሙ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ለልጁ ብቻ ብትለይ ይህ ሁሉ ይቃለላል።

ዓመት ከሞላው በኋላ «ከ1 እስከ 3 ዓመት» ተብሎ የሚሸጠው ጣሳ አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል። ተራ የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ሳይበልጥ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ምግቡን ያስተወውና ደም ማነስ ያመጣል። (በነገራችን ላይ በ2017 ጎረቤቶቿ ድንበር ሲዘጉባት ካታር የወተት ላሞችን በአውሮፕላን አስመጥታለች፤ ዛሬ በየመደብሩ የምናየው የአገር ውስጥ ወተት መስፋፋት የዚያ ጊዜ ውጤት ነው።)

ስለ ልብስ፣ አልጋና መጫወቻ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሕፃን ልብስ ሳያረጅበት ስለሚያድግ በቤተሰቦች መካከል መዘዋወሩ ይበቃል። ያገለገለ የመኪና ወንበር ግን ግጭት አለመድረሱ ካልታወቀ አይወሰድ። አትክልትና ፍራፍሬ በሳጥን ከጅምላ ገበያ ገዝቶ ሦስት አራት ቤተሰብ እንደ እቁብ ቢካፈለው ያዋጣል። የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ስለሆነ ለእርሱ የግል ክሊኒክ መክፈል አያስፈልግም።

ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ ውድ ሽሮፕ ከመግዛት በፊት ኦ.አር.ኤስ ይሰጥ፤ ፓኬቱ ርካሽ ነውና ሁለት ሦስቱ በቤት ይቀመጥ። በሌሊት ከታጣ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ይበጥበጥ። እዚህም መጠኑ አይቀንስ፣ አይጨመር፤ ጨው የበዛበት ከተቅማጡ የባሰ ይጎዳል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጥ፤ ጡቱም አይቋረጥ። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ከፈዘዘ፣ ደም ከታየበት ወይም ያስቀመጡለትን ሁሉ የሚያስታውክ ከሆነ፣ እንዲሁም ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ከሆነ ሌሊቱ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።