የመኪና ሪሞት ባትሪ ስትቀይሩ አሮጌዋን የት ነው የምታስቀምጧት?

ዛሬ ስለ መኪና ሪሞት ባትሪ ነው የምናወራው። «ዶክተር፣ መካኒክ ሆኑ እንዴ?» እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ የልጆቻችን ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሪሞቱ ሲደክምና መኪናው አጠገብ ካልደረሳችሁ አልከፍት ሲል፣ ብዙ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በካቻቢቴ ከፍቶ ባትሪውን ራሱ ይቀይራል። ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው አሮጌዋ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ስትቀር ነው።

ብዙ ሪሞቶች የሚጠቀሙት ሲአር 2032 የምትባለዋን ነው። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ልጅ ከዋጣት የምግብ ቧንቧው ላይ በቀላሉ ልትሰነቀር ትችላለች።

ከተሰነቀረች ምን ይሆናል?
እርጥብ ሥጋ ሲነካት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ በኔጌቲቭ ጎኗ በኩል እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ፣ ቆይታም ቧንቧውን ልትበሳ ትችላለች። «ያለቀ ባትሪ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ፤ ሪሞት ማሠራት ያቃታት ባትሪም ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል አላት።

ምልክቶቹ
👉 ለሃጭ መብዛት፣ ምግብ እምቢ ማለት
👉 ሳል፣ የአተነፋፈስ ችግር
👉 ማስመለስ፣ የደረት ሕመም
አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት አይኖርም። ስለዚህ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ።

ምን እናድርግ?
✅ ወዲያውኑ ራጅና ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። «ባትሪ ውጦ ይሆናል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ራጅ ላይ ሳንቲም ልትመስል ትችላለች።
✅ ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላውና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ ሳላችሁ 2 የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው እስከ 6 ጊዜ ስጡት። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ማር ፍለጋ ብላችሁ እንዳትዘገዩ። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም።
❌ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ከማሩ ሌላ ምግብም መጠጥም አትስጡ።
❌ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባች ጠብታ አትጨምሩ፤ ቶሎ ሐኪም ያውጣት።

ከመድረሱ በፊት
ባትሪ የምትቀይሩት ልጆች በሌሉበት ይሁን። አዲሷን እስክትከፍቱ ድረስ ከነማሸጊያዋ አቆዩአት። አሮጌዋን እንዳወጣችኋት ሁለቱንም ጎኗን በፕላስተር ሸፍናችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጧት። የሪሞቱ ክዳን ከላላ ደግሞ ልጅ እንዲጫወትበት አትስጡ።

እኔ እንደ ሐኪም የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ አሮጌዋን ባትሪ ሳታስወግዱ «ቀይሬ ጨረስኩ» አትበሉ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።