መንገድና ግድብ ስለ ምን ብዙ ዓመት ይፈጃሉ?

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ተማሪ «መንገዳችን በየዓመቱ ይታቀዳል፤ ታዲያ መቼ ነው የሚሠራው?» ሲል ጠየቀን። መልስ አጣን። እስቲ ጉዳዩን አብረን እንመርምረው።

የረጅም ጊዜ የመንግሥት ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ምን ይቅደም? ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከተሠራ በኋላስ ማን ይጠግነው?

የመጀመሪያው ጥናት ይጠይቃል። የዓባይ ተፋሰስ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተጠና፤ የሕዳሴው ግድብ ሥራ ግን የተጀመረው በ2003፣ የተመረቀውም በ2017 ዓ.ም. ነው። ለሁለተኛው ጥያቄም ይኸው ግድብ መልስ አለው፤ ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ከደመወዙ አዋጣ።

ዕቅድ ካወጣው መንግሥት ዕድሜ ሊረዝም ይችላል። ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. ይዘልቃል የተባለውን የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ ያወጣው መንግሥት በ1983 ወደቀ። በሚገባ የተያዘ ጥናት ግን ለተተኪው ይተርፋል፤ የዓባዩ ጥናት የ1966ቱንና የ1983ቱን ለውጥ ተሻግሯል እኮ!

ሦስተኛውን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። የጠጠር መንገድ ቦዩ ከተደፈነ ጎርፉ መሀሉን ይበላዋል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ጥገናው እንዳይቋረጥ ነው። መንገዱ ከተቆረጠ ወዲያ መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

እንግዲህ ያንን ተማሪ «ታገሥ» ብቻ ብለን አንለፈው። ጥናቱ አልቋል ወይ? በጀቱ ተይዟል ወይ? ጠጋኙስ ማነው? ብሎ መጠየቅን እናስተምረው።