ኤልደርቤሪ ከጉንፋንና ከፍሉ ያድናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን የ4 ዓመት ሴትና የ9 ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። ብርድ ሲገባ ጉንፋን አይለቃቸውም። ጓደኞቼ «የኤልደርቤሪ ሽሮፕ ካጠጣሻቸው ክትባት አያስፈልግም» ይሉኛል። ፍሬው ሰፈራችን ስላለ ለቅሜ ከማር ጋር ላዘጋጅ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አብሮት የሚወራው ወሬ ስለሚያሳስበኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ለሕፃኑ ማር እንዳትሰጪው! ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም አይላስም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም አያጠፋውም።

ጥሬ ፍሬው፣ ቅጠሉና ግንዱ ሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አላቸው። በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬውን ከነቅጠሉ ጨምቀው ከጠጡት ሰዎች 8ቱ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ገብተዋል። አውሮፓውያን እናቶች ፍሬውን ከግንዱ አራግፈው፣ በደንብ ቀቅለውና አጥልለው ነው ሽሮፕ የሚያደርጉት። ጥሩ መጠጥ ነው፤ ስኳሩ ግን ብዙ ነው።

ፍሉን ያድናል? በ2020 የታተመ፣ 87 የፍሉ ሕመምተኞች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። ክትባትንም አይተካም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሕክምናው መዘግየት ነው። የፍሉ መድኃኒት፣ ኦሴልታሚቪር፣ ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። እናቶቻችን ግን መጀመሪያ ሽሮፑን፣ ቀጥሎ ከአገር ቤት የመጣውን ዳማከሴ ይሞክራሉ፤ ልጁ ሲደክም ይዘውት ይሮጣሉ። መድኃኒቱ ሲታዘዝም ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ከበረደ ያቋርጡትና የተረፈውን ለታናሹ ያስቀምጣሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም! የታዘዘው ለ5 ቀን ከሆነ 5 ቀን ሙሉ ይወሰድ። የሕፃን መጠን በኪሎው ስለሚለካ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ልጅሽ ሲያስለው ልብሱን ገልጠሽ፣ ሳያለቅስ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ለ9 ወሩ 50ና ከዚያ በላይ፣ ለ4 ዓመቷ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

አይዞሽ፣ ልጆችሽን ለመጠበቅ ማሰብሽ ደግ ነው። ለ4 ዓመቷ በደንብ የበሰለውን ሽሮፕ እንደ መጠጥ በመጠኑ ብትሰጪያት አልቃወምም፤ ለሐኪሟ ግን ንገሪው። የፍሉ ክትባት ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚከተብ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል። ፍሬውን ከመልቀምሽ በፊት ለሁለቱም የክትባት ቀጠሮ ያዢላቸው።