ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግተን፤ መሄጃውና መመለሻው ለምን አይተካከልም?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን የሚሄድ ሰው ከ16 ሰዓት በላይ በመንገድ ላይ ይቆያል። በመካከሉም አይሮፕላኑ እንደየጊዜው በደብሊን፥ በሎሜ ወይም በሮማ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ከዋሺንግተን የሚመለሰው ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል ቦሌ ይደርሳል። ርቀቱ ያው፥ አይሮፕላኑም ያው ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ዘመድ ለመሸኘት ወይም ለመቀበል ቦሌ ያልወጣ በመካከላችን ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው ለሁላችንም ቅርብ ነው።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንለካ። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ ብናሰምር መስመሩ በቻድ፥ በኒጀርና በማሊ ላይ ያልፋል። በድቡልቡሉ የዓለም ሉል ላይ ክር ወጥረን ብናይ ግን ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና ሱዳንን፥ ሊቢያን፥ አልጄሪያን፥ ከዚያም እስፓኝንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። አጭሩ መንገድ የክሩ ነው፤ ርዝመቱም ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እርግጥ አብራሪ ሁልጊዜ ክሩን ተከትሎ አይሄድም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ሰማይ ተዘግቶ አይሮፕላኖች ዙሪያውን መሄድ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይፍቀዱልንና አንዲት ቀላል ስሌት እንሥራ። አየሩ ጸጥ ያለ ቢሆንና አይሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 11,500ውን በ12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይጨርሳል። ነገር ግን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። የዚህ ነፋስ ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው ብንል ሂያጁን ወደ 840 ያወርደዋል፥ መጪውን ወደ 960 ያደርሰዋል። እንግዲህ አንዱ 13 ሰዓት ከ41 ደቂቃ፥ ሌላው 12 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው።

ይህም ቢሆን ልዩነቱን ሁሉ አይገልጸውም። ትልቁ ምክንያት ያለው ከእግራችን በታች ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የዋሺንግተኑ ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን አጥብቆ አይደግፍም፤ ሞተሩም በቂ አየር ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ለመነሣት አብዝቶ መፍጠን፥ አብዝቶም መንደርደር አለበት፤ ይህ ካልበቃም ክብደቱን መቀነስ ይኖርበታል። ምን ይቀነስ? ሰው ቢቀነስ ገቢ ይጎድላል፤ ጭነት ቢቀነስም እንዲሁ። የሚቀለው ነዳጁን ጎደል አድርጎ ተነሥቶ በቆላ ከተማ አርፎ መሙላት ነው። ደጋ ላይ መቆርቆራችን ለጤናችን ቢበጅም ለአይሮፕላኑ አልበጀውም! ከደለስ የሚነሣው ወፍራም አየር አግኝቶ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላው ይገፋዋል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት 116 ዲግሪ ያህል ስለሆነ በፀሐይ ቢቆጠር ወደ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይራራቃሉ። በሕግ የተወሰነው ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 7 ሰዓት፥ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሰኔ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሥቶ፥ በእኛ አነጋገር በማግስቱ ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ዋሺንግተን ቢደርስ፥ ላዩን ሲያዩት 10 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስላል። 7ቱን ስንጨምርበት 17 ይሆናል። እርሱ ገና ቁርሱን ሳይበላ «ደረስኩ» ብሎ ሲደውል፥ እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው።