በድንገት እጃችሁ ላይ ለቀረ ሕፃን፤ እዝነትም ልክ አለው



ውድ አንባብያን፤ በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን በየሰፈራችን የሚያጋጥም፣ ግን እምብዛም የማንነጋገርበትን ጉዳይ እናነሣለን። እናቱ የሞተችበት፣ የታመመችበት ወይም ሳትናገር ጥላው የሄደች ጨቅላ ሕፃን ደጃችሁ ላይ ቢቀር ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን «አዝንለታለሁ፣ አበላዋለሁ» እንላለን። መልሱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በረኀብ የተጎዳ ሕፃን በረኀቡ ብቻ ሳይሆን ያለ ልክ በሚሰጠው ምግብም ሊሞት እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፈው መጡ። «ልጄ፣ የጣሳ ወተት ስጪኝ» አሉኝ። «ቤት የተከራየችኝ ልጅ ‹ገበያ ደርሼ ልመለስ› ብላ ትታብኝ ሄደች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዐረብ አገር ልትሄድ መንገድ ጀምራለች ይላሉ።» የላም ወተት በውሃ አቅጥነው፣ ስኳር ጨምረው፣ ቅቤ አስልሰውና የአብሽ ውሃ አጠጥተው ሰነበቱ። «ደግሞ ጨዋነቱ! ጭራሽ አያለቅስም» አሉ።

የራሴን ስሕተት አልደብቅም። ሕፃኑን ሳላይ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ጣሳውን ላወርድ ነበር። «አያለቅስም» የሚለው ቃል ግን መለሰኝ። ጋቢውን ገልጠን ስናየው የአራት ወር ሕፃን ነው ቢባልም የአንድ ወር ያህል ነበር። እግሩ ቀዝቅዟል፣ የጭኑ ቆዳ ተሸብሽቧል። ዝምታው ጨዋነት ሳይሆን ለማልቀስ እንኳ አቅም ማጣት ነበር። ወተቱን አልሸጥኩላቸውም፤ መድኃኒት ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ አብረን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

የሰው ልጅ ማንሣት ለወሎ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በረኀብ የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት የምትታገል ሕፃን አገኙ። አንሥተው ወሰዷት። ባንድ ዓመት ውስጥ ቤታቸው ያስጠጓቸው ልጆች 21 ደረሱ። ከቤተሰብ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥማቸውም ልጆቹን አልጣሉም፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም የብዙ ሺህ ልጆች «እዳዬ» ሆነው ኖሩ። እኚህ ክርስቲያን እናት ያደረጉትን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በየመንደሩ ስማቸው ሳይነሣ አድርገውታል።

በቁርኣን የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። ሕፃኑ ከወንዝ ወጥቶ ባዕድ ቤት ከገባ በኋላ የመጣው ጭንቅ «ማን ያጥባው?» የሚል ነበር። የእኛም ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል። ነገር ግን ከወተቱ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ።

የመጀመሪያው ሰዓት፤ ማሞቅና ማየት

የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋ ብርድ ለጎልማሳም አይራራም። የተራበ ሕፃን ደግሞ ሰውነቱን የሚያሞቅበት ስብ የለውም። በመሆኑም፦

1. አትጠቡት። የረጠበ ልብሱን ብቻ ለውጡና አድርቁት።
2. ከተንከባካቢዋ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አስጠግታችሁ ከላይ ጋቢ ወይም ቡሉኮ ደርቡበት። ራሱን በኮፍያ ሸፍኑ፣ አፍንጫውና አፉ ግን አይሸፈን።
3. የኩበት ጭስ ያለበት ምድጃ አጠገብ አታስተኙት፤ ጭሱ ሳንባውን ይጎዳል።
4. ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነና ወተት እስኪገኝ የሚቆይ ከሆነ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ በማንኪያ ስጡት። ይህ ምግብ አይደለም፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ራሱን እንዳይስት ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ነው። ለፈዘዘ ወይም ራሱን ለሳተ ሕፃን በአፉ ምንም አትስጡ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የበላውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም አለመንቃት፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ መግባት፣ የሁለቱም እግሮች ማበጥ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ደግሞ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ማተኮሱም ሆነ መቀዝቀዙ ብቻውን አደጋ ነው።

ለምን በብዛት አይመገብም?

ረዥም ጊዜ የተራበ ሰውነት እንደ መብራት ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ይቆያል። ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ይቀንሳሉ። በድንገት ብዙ ወተት ሲገባ ሰውነቱ ምግቡን ለመጠቀም ከደሙ ውስጥ ፖታሲየምና ፎስፈረስ የተባሉትን ማዕድናት በፍጥነት ይስባል፤ የደከመው ልብም የመጣበትን ፈሳሽና ጨው መሸከም ያቅተዋል። ሕፃኑ «ጠግቦ ተኛ» ሲባል በዚያው ሊቀር ይችላል።

በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የማረጋጊያ ክፍሎች በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ የያዘውም ለዚሁ ነው። ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ጠንከር ወዳለ ምግብ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል። ስለዚህ ሐኪም «ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ» ሲላችሁ ስስት አይምሰላችሁ።

ከስድስት ወር በታች ከሆነ

የመጀመሪያው ምርጫ የእናት ጡት ነው፤ የወለደችው ባትኖርም የሌላ እናት። ይህ ካልተገኘ ለዕድሜው የተዘጋጀ የሕፃን ዱቄት ወተት ይሰጣል። ለቤተሰብ የሚሸጠው ተራ ዱቄት ወተት ግን የሕፃን ወተት አይደለም፤ የጣሳውን ጽሑፍ አስነብቡ። ክብደቱ ደህና ለሆነና ላልተጎዳ ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ይታሰባል። ለምሳሌ 4 ኪሎ ከሆነ በቀን 600 ሚሊ ሊትር፣ ለስምንት ጊዜ ተከፍሎ በየጊዜው 75 ሚሊ ሊትር ነው። ለተጎዳው ሕፃን መጠኑን ባለሙያ ይወስን።

ዱቄቱ እንዲበረክት ብላችሁ አታቅጥኑ፤ ውሃ ያጠግባል እንጂ አያሳድግም። ወተቱ እንዲጠነክር ብላችሁም አታወፍሩ፤ ኩላሊቱን ይጎዳል። ውሃው ይፍላ፣ እጅና ዕቃ ይታጠብ፣ የተረፈው ይደፋ። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ንጹሕ ሲኒ ይሻላል። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ የሲኒውን ከንፈር ከከንፈሩ ጋር አስነኩት፤ ራሱ ይልሳል፣ አፉ ውስጥ አታፍስሱበት።

የላም ወተት ለዚህ ዕድሜ ፕሮቲኑና ጨው ብዙ፣ ብረቱ ጥቂት ነው። ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ላይ ሌላ ምንም ካልተገኘና ሕፃኑ ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ፣ 100 ሚሊ ሊትር ትኩስ የላም ወተት ከ50 ሚሊ ሊትር ውሃና ከሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይፍላና በትንሽ በትንሹ ይሰጥ። ይህ ለአንድ ሌሊት መሻገሪያ ነው፤ ሲነጋ ጉዞ ወደ ጤና ተቋም።

ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውሃ፣ ዳማ ከሴ ጭማቂ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ለዚህ ሕፃን ጉዳት ናቸው። ማር መድኃኒትነቱ ቢታወቅም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተህዋስ የሕፃንን ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል።

ከስድስት ወር በላይ ከሆነ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱን የእግር ጫማዎች በአውራ ጣት ስትጫነው ጉድጓዱ ሳይመለስ ከቀረ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበት። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም የሌለው ቤቱ ሆኖ በፕላምፒነት ይታከማል። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ፣ 500 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ ነው። ይህ በቤት የማከም አሠራር በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው አካባቢዎች አንዱ የእኛው ደቡብ ወሎ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። ፕላምፒነት በነጻ የሚሰጥ የሕፃኑ መድኃኒት ነው፤ ለቤት ልጆች አይከፋፈልም፣ አይሸጥም። ሲበላ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ።

ከእኔ ዘንድ ምን አትግዙ?

ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አትግዙ። የአዋቂ ክኒን ገምሳችሁ አትስጡ። ተቅማጥ ካለው ደግሞ ልብ በሉ፤ ለጤነኛ ልጅ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. በምግብ እጥረት ለከሳ ሕፃን ጨው ይበዛበታል፤ ለእሱ የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት ስላለ ከጤና ተቋም ይሰጠዋል። የክትባት ካርዱን ፈልጉ። ካልተገኘም እንዳልተከተበ ቆጥረው ይጀምሩለታል። መደበኛው ጊዜ በተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ነው።

የምታጠባ ሴት ከተገኘች

ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ያጠቡት ሐሊማ አስሰዕዲያ መሆናቸውን ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ዛሬም የሰው ልጅ ማጥባት የተከበረ ሥራ ነው። አጥቢዋ አስቀድማ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ታድርግ፤ ከባለቤቷም ጋር ትመካከር። ከዚህ በፊት አጥብታ ጡቷ የደረቀ ሴትም ሕፃኑን ቀንና ሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ካስጠባችው ወተቷ በቀናት ወይም በሳምንታት ሊመለስ ይችላል፤ እስከዚያው በሲኒ ይታገዛል።

ነገር ግን ጡት ዝምድና ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲጠባ አጥቢዋ እናቱ፣ ልጆቿ ወንድምና እህቶቹ ይሆናሉ፤ ጋብቻም ይከለከላል። በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት የተለያየ ጊዜ መጥባት ሲጠየቅ በሐነፊይ ጥቂቱም ይበቃል። በመሆኑም «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብላችሁ አትርሱት። የሕፃኑን ስም፣ የአጥቢዋን ስም፣ ቀኑንና ስንት ጊዜ እንደጠባ ጽፋችሁ ሁለት ሰው አስመስክሩ፤ ለመስጊዳችሁ ኢማምም አሳውቁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለት ወጣቶች ሳያውቁ እንዳይጋቡ የሚያደርገው ይህች ብጣሽ ወረቀት ናት።

ወረቀቱ አያልቅም

ሕፃኑ አማና እንጂ ንብረት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ለቀበሌ፣ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ይህ ዘመዶቹን ለማግኘት ይረዳል፤ እናንተንም ከክስ ያድናል። ልደቱን አስመዝግቡ። አባቱ ከታወቀ በአባቱ ስም ይጠራ፤ ዲናችን የልጅን ዘር እንዳናጠፋ ያዝዛል። እናቲቱንም አትራገሙ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ድህነትና ሐፍረት ሰውን የት እንደሚያደርሱት አላህ (ሱ.ወ) ያውቃል። ለመመለስ ስትፈልግ የምትገባበት በር ይኑር።

ያ የመካነ ሰላሙ ሕፃን ሆስፒታል ተኝቶ በየሦስት ሰዓቱ በተለካ ወተት ታከመ። የእማማ ምራት የራሷን ሴት ልጅ ታጠባ ነበርና ተመርምራ፣ ባሏም ፈቅዶ፣ ሁለቱንም ያዘቻቸው። ወረቀቱ ተጽፎ ከቤቱ ሙስሐፍ ጋር ተቀመጠ። ከሁለት ወር በኋላ እማማ መድኃኒት ቤት ብቅ ብለው «ልጄ፣ ያ ዝምተኛ አሁን ሌሊት ሙሉ እየጮኸ ጎረቤት አስመረረ» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለ አማና ደጃችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር አትርሱ፤ አሙቁት፣ በልክ መግቡት፣ ጻፉት። አላህ (ሱ.ወ) እዝነታችንን የሚጠቅም እዝነት ያድርግልን። አሚን።