ኪዮቶ በማለዳ፣ ቶኪዮ በማታ

ጃፓንን በአንድ ሳምንት ሊያይ የተነሣ ሰው እቅዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከከተሞች ስም ነው። ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ካናዛዋ። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያምራል፤ ፈጣን ባቡር ስላለም ሁሉም ቅርብ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ግን ሰውየው ሻንጣውን እየጎተተ የጣቢያ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። እኔ የምመክረው ሌላ መነሻ ነው፦ መጀመሪያ አልጋ ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ የሚያዩት ቦታ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቁ። ካርታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለአንድ ሳምንት ሁለት ማደሪያ ከተማ ይበቃል፤ ኪዮቶና ቶኪዮ። ናራ ከኪዮቶ በባቡር 45 ደቂቃ አካባቢ፣ ኦሳካ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆኑ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሆቴል መቀየር ግማሽ ቀን ይበላል። ሦስቴ የቀየረ ሰው ከሰባቱ ቀን አንድ ተኩሉን ለሻንጣው ሰጥቷል ማለት ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጆቹ የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሞላ ሰው ቶኪዮ ሲደርስ መነካካት የለበትም፤ ቆጣሪዎቹ እዚያ ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አንድ ናቸው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከቀኑ 13፡00 ነው፤ ሁለቱም ጋ ትንሹ ቆጣሪ አንድ ላይ ነው። አደጋው ትኬት ላይ ነው። ትኬቱ 9፡00 ካለ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ባቡሩም አይጠብቅም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በእኛ፣ ዓመታቱ ግን ካላመለከትኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አውሮፕላኑ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚነሣ ሰው በቶኪዮ ገብቶ በኦሳካ አጠገብ ባለው በካንሳይ አየር ማረፊያ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ከሁሉም ይሻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በሴኡል በኩል የሚያርፈው ናሪታ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ወደ ቶኪዮ መመለሱ አይቀርም። እንግዲያው ቶኪዮን ለመጨረሻ ያቆዩት። የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ እዚያ አድረው በማግስቱ ጠዋት ወደ ኪዮቶ ይሂዱ፤ ሦስት ሌሊት አድረው በአምስተኛው ቀን ማታ ይመለሱ። በበረራው ቀን ከኪዮቶ ወደ ናሪታ መሮጥን ለማንም አልመኝም።

ለዚህ ቅደም ተከተል ሌላም ምክንያት አለ። የድሮው ከተማ ቶሎ ይተኛል። በኪዮቶ አብዛኞቹ ቤተ መቅደሶች 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ኪንካኩጂ የሚባለው በወርቅ የተለበጠ ቤት የሚከፈተው በሦስት ሰዓት፣ የሚዘጋው በ11 ነው። ረፋድ ላይ ቁርሱን ተዝናንቶ የሚበላ ሰው ኪዮቶን ሳያያት ይመሽበታል። ከሩቅ የመጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ እንቢ ስለሚለው ያለፍላጎቱ ይነቃል። ያንን ንቃት ሥራ ላይ ማዋል ነው።

ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ከጣቢያው ሲወጡ ግን ይህ አይታይም፤ የሚታየው መስታወት፣ ሲሚንቶና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። አሮጌው ነገር ያለው በከተማዋ ዙሪያ፣ በተራሮቹ ግርጌ ነው። ስለዚህ ቀኑን በአቅጣጫ መክፈል ይበጃል፤ አንዱን ቀን ምሥራቁን፣ ሌላውን ምዕራቡን። ከጫፍ ጫፍ የሚመላለስ ሰው ቀኑን አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ይጨርሳል።

አንድ ማለዳ ለፉሺሚ ኢናሪ ይስጡ። ከኪዮቶ ጣቢያ በተራ ባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። በ12 ሰዓት ከደረሱ የሚያገኙት ውሻውን ይዞ የሚወጣ ሽማግሌና ወፍ ብቻ ነው፤ በአራት ሰዓት ግን መቆሚያ አይገኝም። ቀይ ብርቱካን የተቀቡ የእንጨት በሮች በሺዎች እየተደረደሩ 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ኮረብታ ይወጣሉ። ሲወጡ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። ሲወርዱ ግን በየቋሚው ጀርባ ላይ በጥቁር የተጻፈ ጽሑፍ ይገጥምዎታል፤ በሩን የሰጠው ነጋዴ ወይም ድርጅት ስም፣ የሰጠበትም ቀን። ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ናትና ስለት መሆኑ ነው። ስለት ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ ይሻላል፤ 13 ሜትር ከፍታ ባላቸው የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመው ሰገነት በ1633 እንደገና የተሠራ ነው። «እንደገና» የሚለው ቃል በጃፓን ብዙ ጊዜ ይመጣል። ኪንካኩጂ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 ነው የተሠራው። የኦሳካ ግንብ በ1931 በሲሚንቶ ተገንብቶ ውስጡ አሳንሰር አለው። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምኑ ታሪክ ነው?» የሚል ጎብኚ አለ። የድሮውን ግንብ እንዳለ ማየት የፈለገ ሰው ከኦሳካ ወደ ምዕራብ ሂሜጂ ይሂድ፤ በ1609 የተጠናቀቀው ነጭ ግንብ ጦርነትም እሳትም ሳይነካው ቆሟል።

የሚያደርጉት ካልሲ ቀዳዳ እንዳይኖረው። በብዙ ቤተ መቅደሶች ጫማ ይወልቃል፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገ ሰው በቀን አስር ጊዜ ራሱን ያመሰግናል።

ጾም ላይ ላለ ተጓዥ የጃፓን ገበታ ወጥመድ አለው። አትክልት ብቻ የመሰለው ሾርባ እንኳ ብዙውን ጊዜ ዳሺ በሚባል መረቅ የተሠራ ነው፤ ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም ይፈላል። ሥጋ የለውም ብሎ ያቀረበልዎት አስተናጋጅ አልዋሸም፤ ዓሣን እንደ ሥጋ አልቆጠረውም እንጂ። መፍትሔው እዚያው ኪዮቶ ውስጥ ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ሪዮሪ የሚሉት የጾም ምግብ አላቸው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል የለውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። በምዕራቡ በኩል በአራሺያማ ያለው የተንሪዩጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ለምሳ ይቀርባል። በርበሬ ለለመደ ምላስ መጀመሪያ ጣዕም የለውም ያሰኛል፤ ለምላስዎ ጥቂት ጊዜ ይስጡት።

አራተኛውን ቀን ለናራና ለኦሳካ ያካፍሉት። ናራ ከኪዮቶ በፊት፣ ከ710 እስከ 784 ዋና ከተማ ነበረች። በቶዳይጂ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው የነሐስ ቡድሃ 15 ሜትር ይሆናል፤ የተመረቀው በ752 ነው። አጋዘኖቹ ከ1,000 በላይ ናቸው፤ ብስኩት ሲያዩ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰግዳሉ፤ ከዘገዩባቸው ልብስ ይነክሳሉ። ኦሳካ ግን የማታ ከተማ ናት። ዶቶንቦሪ ቦዩ ዳር መብራቱ ሲበራ ይድረሱ፤ ታኮያኪ የሚባለውን የኦክቶፐስ ሥጋ ያለበት ትኩስ የሊጥ ድቡልቡል ቆመው ይብሉ፤ ከዚያ ወደ ኪዮቶ አልጋዎ።

ሂሮሺማስ? ከኪዮቶ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል። ነገር ግን ኦገስት 6 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦምብ ሲጣልባት የሆነውን የሚያሳየው ሙዚየም ተሮጦ የሚታይ አይደለም፤ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። እኔ ብሆን ከቶኪዮ አንድ ቀን ቀንሼ እሄድ ነበር፤ ከልጆች ጋር የሚጓዝ ሰው ግን ቢያልፈው አልፈርድበትም።

የባቡሩ ሒሳብም በዚሁ ይወሰናል። ለቱሪስት የሚሸጠው የሰባት ቀን ማለፊያ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ አንድ ጉዞ ወደ 14,000 የን ስለሆነ ደርሶ መልሱ 28,000 አካባቢ ነው፤ ናራና ኦሳካ ጥቂት ሺህ ቢጨምሩበትም ማለፊያው ያከስራል። ሂሮሺማ ደርሶ መልስ ሲታከልበት ብቻ ነው ሒሳቡ የሚቀራረበው። ለከተማ ውስጥ ባቡርና አውቶቡስ ሱይካ የሚባለው ካርድ በቶኪዮም በኪዮቶም ይሠራል። ወደ ኪዮቶ ሲሄዱ በቀኝ በኩል፣ «ኢ» ፊደል ያለበትን ወንበር ይጠይቁ፤ ሰማዩ ከጠራ ከቶኪዮ 45 ደቂቃ ያህል እንደራቁ ፉጂ ተራራ በመስኮት ይታያል። ትልቁን ሻንጣ በመልእክት አመላላሽ ከሆቴል ሆቴል ይላኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል።

ወቅቱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ላክል። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ጃፓኖች ራሳቸው እረፍት የሚወጡበት ሳምንት ነው፤ ፋሲካችንም ብዙ ዓመት እዚያው ላይ ይወድቃልና የበዓል ፈቃድ ይዞ መሄድ ያሰበ ሰው ቀኑን ይመርምር። ኅዳር ላይ፣ የኪዮቶ ቅጠል ሲቀላ፣ የተሻለ ነው።

ለቶኪዮ የቀሩት ሁለት ቀናት ናቸው፤ እዚህ ማለዳ መነሣት አያስፈልግም። አሳኩሳ ያለው ሰንሶጂ ቤተ መቅደስ ሲመሽ ሱቆቹ ቢዘጉም መብራቱ ይበራለታል። የሺቡያ መሻገሪያም የሚያምረው ጨለማ ላይ ነው። በቀን ደግሞ በሜይጂ መቅደስ ጫካ ውስጥ ይሂዱ። ጫካው ዱር ይመስላል እንጂ ከመላ አገሪቱ በተሰጡ 100,000 ያህል ዛፎች በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ መቅደሱ የተከፈተው በ1920 ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ብሔራዊ ስታዲየሙ አለ። የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር ሥራ በጀመረ በ20ኛው ቀን፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 በእኛ አቆጣጠር፣ አበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታው በዚሁ ቦታ ነበር። ያ ስታዲየም ፈርሶ አዲሱ በ2019 ተሠርቷል፤ ሰለሞን ባረጋም በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው እዚያው ነው። አበበ የሮጠበት ጎዳና ግን ዛሬም አለ። ከሳሙራይ ዘመን ጀምሮ ኮሹ ካይዶ ይባላል፤ ከሺንጁኩ ጣቢያ በደቡብ በር ሲወጡ ፊት ለፊትዎ ያለው ሰፊ አስፋልት እሱ ነው።