ከኋላ የሚገጠም ሎደር፦ የፊት ጎማዎች እንዳይቀሉ

በእርሻ ለምትሠሩ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ በትንሽ ትራክተር ከኋላ ስለሚገጠም ሎደር እንማራለን። አፈር ወይም ፍግ የሞላው ባልዲ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ስለሚንጠለጠል የትራክተሩን ፊት ወደ ላይ ያነሳል። የፊት ጎማዎች ሲቀሉ መሪው አይታዘዝም፤ ዳገት ላይም ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ስለዚህ የምንመክራችሁ፦
- አምራቹ ያዘዘውን የፊት ክብደት ግጠሙ፤ ከተፈቀደው በላይ አትጫኑ።
- ስትጓዙ ባልዲውን ዝቅ አድርጉ።
- ጭናችሁ ዳገት መውጣት ግድ ከሆነ ወደ ኋላ እየነዳችሁ በዝግታ ውጡ።
- ከትራክተሩ ከመውረዳችሁ በፊት ባልዲውን መሬት አሳርፉ፤ ሞተሩን አጥፉ።

መብታችሁንም እወቁ። በእስራኤል የ1999 ደንብ መሠረት አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያሠለጥናችሁና መረዳታችሁን ሊያረጋግጥ ይገባል። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ እንዲተረጎምላችሁ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ «ገብቶኛል» ብላችሁ አትፈርሙ።